በብየዳ ማሽኔ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ነዳጅ ላድርገው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ሂርማታ አካባቢ ብየዳ ቤት አለኝ። ካርቦን ዳይኦክሳይድን በፕላዝማ ወደሚነድ ጋዝ መቀየር ይቻላል ሲባል ሰማሁ። የብየዳ እሳትም ፕላዝማ ነው አሉኝ። ታዲያ በማሽኔ ብሞክረው ምን ይለኛል?
በያጁ፣ ከጅማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሰማኸው እውነት ነው። ግን እባክህ ሱቅህ ውስጥ እንዳትሞክረው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሰነጠቅ የሚወጣው የሚነድ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ስሙ ይከብዳል እንጂ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከሰል የሚገድለን በእሱ ነው። አንድ ሐምሌ ጅሬን፣ አክስቴ ቤት፣ ዝናቡ አላባራ ብሎ በርና መስኮት ዘግተን ቡና ተፈላ። ቶናው ሳይቀዳ አክስቴ "ራሴን" አለች። ስኒው ከእጇ ወደቀ። ተሸክመን ደጅ አወጣናት፤ ዝናብ እየመታት ነው ነፍሷ የተመለሰላት። አንዳችንም ምንም አልሸተተንም ነበር። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም።

ወደ ፕላዝማው ስንመጣ፣ ኤሌክትሮኖች ከአተሞቻቸው የተላቀቁበት ጋዝ ማለት ነው። ያንተ ብየዳ ላይ ጋዙም ኤሌክትሮኑም አብረው ይግላሉ። ተመራማሪዎች በብዛት የሚፈልጉት ግን ሌላ ዓይነቱን ነው። ማታ ረጅሙን የፍሎረሰንት አምፖል መሃሉ ላይ ቀስ ብለህ ንካው። ለብ ይላል እንጂ አያቃጥልም። ውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች ግን ከ10,000 ዲግሪ በላይ ግለዋል። እንዲህ ያሉ ኤሌክትሮኖች ካርቦን ዳይኦክሳይድን እየገጩ ያርገበግቡታል፤ በመጨረሻ አንዱ ኦክስጅን ይላቀቃል። ጋዙን ሁሉ ማጋል አያስፈልግም።

የሚያስቸግረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የወጣው ጋዝ ቶሎ ካልቀዘቀዘ ኦክስጅኑ ተመልሶ ይጣበቅበታል። ቢቀዘቅዝም ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከኦክስጅን ጋር ተደባልቆ ነው የሚወጣው። ይህ ድብልቅ ብልጭታ ካገኘ ይፈነዳል። ሱቅህ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ብልጭታ ነው።

ሒሳቡንም እይ። አንድ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመሰንጠቅ፣ ምንም ባይባክን እንኳ፣ 1.8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ መብራት ይበላል። የእንጀራ ምጣድ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲሠራ እንደማለት ነው። በተግባር ብዙ ስለሚባክን ከዚያ በጣም ይበልጣል። ጋዙን ስታነደው ደግሞ ከዚያች 1.8 በላይ አታገኝም። ስለዚህ ነዳጅ ማግኛ አይደለም፣ መብራት ማጠራቀሚያ ነው። መብራቱ ከድንጋይ ከሰል የመጣ ከሆነ የሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሰነጠቀው ይበልጣል። የእኛ ግን በአብዛኛው ከውሃ ነው። 184 ሜጋዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ አንድ እንኳ እዚሁ አጠገባችን ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያጓጓኝ የቡናው ነገር ነው። የእሸት ቡና መፈልፈያዎች የሚጥሉት ገለፈት ወንዝ ውስጥ ገብቶ ሲገማ ሳታይ አትቀርም። አየር በማይገባበት ጉድጓድ ቢብላላ ባዮጋዝ ይወጣዋል። ባዮጋዝ በብዛት ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሁለቱ አብረው በፕላዝማ ሲያልፉ ሃይድሮጅንና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናሉ። ከእነዚህ ሜታኖልም ሰው ሠራሽ ነዳጅም ይሠራል። ይህ ሁለተኛው እርከን የፋብሪካ ሥራ ነው። የመጀመሪያው ግን፣ ባዮጋዙ፣ ለምድጃ እንዲሁ ይነዳል፤ ያንተንም እጅ ይፈልጋል። ከአዲስ ላሜራ የጋዝ ማጠራቀሚያ መበየድ ከፈለግህ ጻፍልኝ፣ ንድፉን እልክልሃለሁ። እስከዚያው ክረምቱ ቢበረታም የሱቅህን በር ዘግተህ እንዳትሠራ።