ቃሉ ሳይገባኝ ለምን ይነዝረኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ባሕር ዳር ባጃጅ እነዳለሁ። አንድ ደንበኛዬ በፍላሽ የድሮ ሮክ ሞልቶ ከሰጠኝ ወዲህ ሌላ ሙዚቃ አልዋጥልኝ ብሏል። ፒንክ ፍሎይድ፣ ዲፕ ፐርፕል፣ ሌድ ዜፕሊን። እንግሊዝኛዬ ያን ያህል አይደለም፤ ግን ጊታሩ ሲገባ የክንዴ ፀጉር ይቆማል። ጓደኞቼ «የፈረንጅ ጩኸት» እያሉ ይቀልዱብኛል። ተሳፋሪውማ «ቀንሰው» እንኳ አይልም፣ «አጥፋው» ነው የሚለኝ። ቃሉ ሳይገባኝ እንዲህ የሚያደርገኝ ምንድን ነው? ጓደኞቼንስ በየትኛው ባንድ ላስጀምራቸው? እርስዎስ የማን አድናቂ ነዎት?
— የጣና ልጅ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልነሳ። እኔ የፒንክ ፍሎይድ ሰው ነኝ፤ ገለልተኛ ዳኛ እንዳታደርገኝ። በ1973 ያወጡት «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) በአሜሪካው የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ላይ እስከ 1988 ድረስ በድምሩ 741 ሳምንት ቆይቷል። ያን ሁሉ ዘመን የገዛው ሰው ሁሉ ቃሉ ገብቶት ይመስልሃል? የጊታሪስታቸው የዴቪድ ጊልሞር ጊታር አይቸኩልም። አንዷን ድምፅ ይይዝና ይለጥጣታል፣ አሁንስ ወረደች ስትል አትወርድም፣ ትንሽ ያቆይሃል፣ ከዚያ ነው የሚለቃት።

ነገሩ ያለው እዚያ መጠበቁ ላይ ነው። ካናዳ ያለው የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ያወጡት ጥናት አለ። ሰው የሚወደውን ሙዚቃ ሲሰማና ሰውነቱን ሲነዝረው አንጎሉ ውስጥ ዶፓሚን የሚባል የደስታ ስሜት የሚሰጥ ንጥረ ነገር ይለቀቃል። የሚለቀቀው ታዲያ ያ የሚወደው ቦታ ሲደርስ ብቻ አይደለም፤ ሊደርስ ሲል፣ በጉጉቱ ሰዓትም ነው። ያሰሟቸው ደግሞ ግጥም የሌለው ሙዚቃ ነበር። ስለዚህ እንግሊዝኛህን ተዋት።

ጓደኞችህ «የፈረንጅ» ሲሉህ ደግሞ ይህን ንገራቸው። የሮክ ጊታሪስት ሶሎ (ብቻውን ጎልቶ) ሲጫወት በብዛት የሚመላለሰው አምስት ድምፅ ላይ ነው። ፔንታቶኒክ ይሉታል፤ ከጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝ የወረሱት ነው። የእኛዎቹ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬም አምስት አምስት ድምፅ ናቸው። የትዝታ ሜጀርን ድምፆች ይዘህ መነሻቸውን ብቻ ብትቀይር እነ ጊልሞር የሚወዱትን ስኬል (ቅኝት በለው) ታገኘዋለህ። በማሲንቆ ያደገ ጆሮ ይህ ጊታር ባዕድ ባይሆንበት እኔን አይገርመኝም።

በማን ታስጀምራቸው? ብቻ በብላክ ሳባዝ እንዳይሆን። እወዳቸዋለሁ። ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ በርሚንግሃም የብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆርጦበት፣ ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠርቶ መጫወቱን የቀጠለ ሰው ነው፤ በኋላም ክሮቹን አላልቶ ይቃኝ ስለነበር ድምፁ ከባድ ሆነ። ለጀማሪ ግን በባዶ ሆድ አረቄ ነው።

በዲፕ ፐርፕል ጀምር፣ ያውም በሐይቁ ዘፈን። በ1971 ታኅሣሥ ላይ አልበም ሊቀርጹ ስዊዘርላንድ፣ ሞንትሮ ሄደው ነበር። አሜሪካዊው ሙዚቀኛ ፍራንክ ዛፓ እዚያ ካዚኖ ውስጥ ኮንሰርት ላይ እያለ አንድ ታዳሚ የተኮሰው የርችት ጥይት ቤቱን ለኮሰው። ካዚኖው ወደመ። ጭሱ ጄኔቫ ሐይቅ ላይ ተንጣሎ አዩት፤ «ስሞክ ኦን ዘ ዋተር» የተባለው ዘፈን ከዚያ ወጣ። ልጆቹን ጠዋት ጣና ዳር ውሰዳቸው፣ ጉሙ ውሃው ላይ እንዳለ፣ ታሪኩን አውራቸውና ክፈተው። መግቢያውን ጊታር ነክቶ የማያውቅ ሰው እንኳ በአፉ ይጫወተዋል።

ሌድ ዜፕሊን ከሆነ «ካሽሚር»ን ስጣቸው፤ ከበሮው በአራት ሲቆጥር ጊታሩ በሦስት ይሄዳል፣ እስኪገናኙ ድረስ ጭንቅላትህ አብሮ ይዞራል። ድምፃዊ ለሚወድ ደግሞ ኩዊን አለ። ድምፃዊው ፍሬዲ መርኩሪ የተወለደው ዛንዚባር ነው፣ ጎረቤት በለው። በሐምሌ 1985 ለንደን ዌምብሌይ ላይ 20 ደቂቃ ገደማ ተጫውተው ስታዲየሙን ያናወጡበት ኮንሰርት በእኛ አቆጣጠር ለሰባ ሰባቱ ድርቅ ገንዘብ የተሰበሰበበት ነው። ታላላቆችህ ጋር ስታሳይ ይህን አስብበት፤ ያን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው እንደ አንተ ላይጨፍር ይችላል። አማርኛ ካልሆነ አልሰማም የሚል ካለ የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ» አልበም ስጠው።

በባጃጅ ስፒከር ግን አትሞክረው። ድምፁ ይሰነጠቅና ከፒንክ ፍሎይድ የሚቀረው ጩኸቱ ብቻ ይሆናል፣ እዚህ ላይ ተሳፋሪዎችህ እውነታቸውን ነው። ደህና ኢርፎን ፈልግና «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን»ን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳትዘል ስማው፣ 43 ደቂቃ ቢሆን ነው። እየነዳህ አይደለም ታዲያ!

ጥያቄ፦ እኔም ከባሕር ዳር ነኝ። ሮክ ስከፍት እማዬ «ይሄ የሰይጣን ነው» ትለኛለች። ምን ልበላት?
— ሮከሯ

መልስ፦ እህቴ፣ ክርክር አትግጠሚ፤ አታሸንፊም። በጾም ወቅትማ ጭራሽ አትክፈቺው። ሌላ ቀን፣ ቡና ላይ፣ የ1975ቱን «ዊሽ ዩ ወር ሂር» ቀስ ብለሽ ልቀቂው። ፒንክ ፍሎይዶች የሠሩት ሲድ ባሬት የሚባለውን ጓደኛቸውን እያሰቡ ነው፤ ባንዱን አብሯቸው የመሠረተ ልጅ ነበር፣ አእምሮው ታውኮ ተለያቸው። ታሪኩን ቀድመሽ ንገሪያት። ካልወደደችው አንቺም ኢርፎን ግዢ።