ታንዛኒያ ከመግባታችሁ በፊት፦ ቋንቋውን ቤት ውስጥ ማን ይማር?

እህቴ፣ ሰላም ለቤትሽ። ባለቤትሽን ቤተ ክርስቲያናችሁ ወደ ምዋንዛ ልትልከው ነው፣ የዘጠኝና የአራት ዓመት ልጆች አሏችሁ፣ «እንግሊዝኛ ይበቃናል ወይ? ካልበቃስ እሱ ስዋሂሊውን ቶሎ እንዲይዝ ምን እናድርግ?» ብለሽ ነው የጠየቅሽው። እኔና ባለቤቴ ኢሪንጋ አካባቢ ለዓመታት አገልግለናል፤ ሌሎች የአገራችን ቤተሰቦችም ሲመጡ ሲሄዱ አይቻለሁ። ስለዚህ ትንሽ ላስረዝመው።

እንግሊዝኛው አይበቃም። ናይሮቢ ብትሄዱ ኖሮ እየተደነቃቀፋችሁም ቢሆን ትኖሩበት ነበር። ታንዛኒያ ግን የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው በስዋሂሊ ነው፤ እንግሊዝኛ የማስተማሪያ ቋንቋ የሚሆነው ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነው። ገበያው፣ ጤና ጣቢያው፣ የሴቶች ጸሎት ሁሉ በስዋሂሊ ነው። ምዋንዛ የሱኩማዎች አገር ስለሆነ ትልልቆቹ እርስ በርሳቸው በሱኩማኛ ሲጫወቱ ትሰሚያለሽ፤ ለእንግዳ ግን ስዋሂሊ ነው የሚያወሩት።

«እሱ ቶሎ እንዲይዝ» ያልሽው ላይ ግን ልሟገትሽ። የማየው ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። ባል ቋንቋ ትምህርት ቤት ይገባል፣ ሚስት ሻንጣ ትፈታለች፣ ትቀቅላለች፣ ልጅ ትጠብቃለች። እሱም ገና «ደህና አደራችሁ» ማለት ሲጀምር የስብከት ግብዣ ይመጣል፤ አስተርጓሚ ይቆምለታል፣ በእንግሊዝኛ ይሰብካል፣ ጉባኤው አሜን ይላል፣ ከዚያ በኋላ የሚያርመው ሰው የለም። ሁለት ዓመት ቆይተው ሁለቱም ቋንቋውን ያልያዙ ቤተሰቦች አውቃለሁ። ለሰባኪ አስተርጓሚ አይጠፋም። ነርሷ የልጅሽን መድኃኒት በቀን ስንት ጊዜ እንደምትሰጪው ስትነግርሽ ግን የሚቆምልሽ የለም። ስለዚህ ገንዘቡ ለአንድ ሰው ብቻ ከሆነ አንቺ ግቢ። ለሁለት ከበቃ እሱ ጠዋት አንቺ ከሰዓት፣ ልጆቹን እየተቀባበላችሁ ተማሩ። ላኪዎቻችሁም የመጀመሪያው ግማሽ ዓመት የአገልግሎት ሪፖርት የሌለበት የቋንቋ ጊዜ መሆኑን ከመነሳታችሁ በፊት በጽሑፍ ይስማሙላችሁ። በቃል የተባለው ይረሳል።

ለሚሲዮናውያን ቋንቋ በማስተማር ከሚታወቁት ሞሮጎሮ ያለው የሉተራኖች ሴሚናሪና ሙሶማ ያለው የካቶሊኮቹ ማኮኮ ይገኙበታል። ሙሶማ እንደ ምዋንዛ ሁሉ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ስለሆነ ለእናንተ ይቀርባል። «ካቶሊክ ጋ?» የሚል ካለ ክራፕፍን አስታውሱት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋ የነበረው ጀርመናዊ የፕሮቴስታንት ሚሲዮናዊ ነው፤ ወደ ሸዋ መመለስ ሲከለከል በ1844 እ.ኤ.አ. ሞምባሳ ወረደ፣ በዚያው ዓመት ሚስቱንና አራስ ልጁን ቀበረ፣ ስዋሂሊውን ግን አልተወም። ኦሪት ዘፍጥረትን መተርጎም ሲጀምር የረዳው የሞምባሳው ቃዲ፣ የእስላሞቹ ዳኛ፣ ነበር። የሰዋስው መጽሐፉ በ1850 ታተመ።

ለእኛ የሚቀለው ብዙ ነው። ሰዓቱን እንደኛ ነው የሚቆጥሩት፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ብለው ከቀጠሩሽ በእኛው ሁለት ሰዓት ነው። ፈረንጆቹ ወራት የሚጨነቁበትን አንቺ በመጀመሪያው ቀን ታልፊዋለሽ። ግሡም አይገርምሽም፤ «እወድሃለሁ» በአንድ ቃል እንደሚያልቅ «ኒናኩፔንዳ»ም በአንድ ቃል ያልቃል፣ ልዩነቱ እዚህ የእነሱ «እኔ»ም «አንተን»ም ከግሡ ፊት መግባታቸው ነው። የሚያስቸግርሽ የስም መደቡ ነው። «ምቶቶ ምዙሪ» ጥሩ ልጅ፣ «ዋቶቶ ዋዙሪ» ጥሩ ልጆች፤ መጽሐፍ ሲሆን ደግሞ «ኪታቡ ኪዙሪ»፣ «ቪታቡ ቪዙሪ»። ስሙ ሲለወጥ ቅጽሉም ግሡም አብሮ ይለወጣል። ሠንጠረዥ ከመሸምደድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየሰማሽ መድገም ይሻልሻል።

ዋናው ትምህርት ቤትሽ ገበያ ነው። ቲማቲም እንደኛው በመደብ ተደርድሮ ነው የሚሸጠው፤ መደቡን «ፉንጉ» ይሉታል። ቀጥ ብለሽ ዋጋ ከጠየቅሽ ሴትዮዋ በአጭሩ መልሳልሽ ወደ ሌላ ደንበኛ ትዞራለች። መጀመሪያ «ሀባሪ ዛ አሱቡሂ»፣ እንዴት አደርሽ፣ በይ፣ እሷም ስለ ቤትሽ፣ ስለ ልጆችሽ፣ ስለ ሥራሽ ትጠይቅሻለች፣ መልሺላት፣ ጠይቂያት፣ ከዚያ ነው ዋጋው። ምራቂ መጠየቅም ያለ ነው፤ «ኞንጌዛ» ስትያት እየሳቀች ሁለት ፍሬ ትወረውርልሻለች። ሁሌ ከአንዷ ግዢ። ስትሳሳቺ ሳታፍር የምታርምሽ እሷ ናት፤ የቤተ ክርስቲያን ሰው ለእንግዳ ይሉኝታ ስላለው «ጎበዝ» ብሎ ያልፍሻል።

ልጆቹን ከአሁኑ «ሺካሞ» አስለምጃቸው። ታላቅን ሰው ሰላም የሚሉበት ነው፣ መልሱ «ማራሃባ» ነው። እንደኛ «እርስዎ» የሚባል ነገር ስለሌላቸው አክብሮቱ እዚያ ሰላምታ ላይ ነው ያለው፤ ልጅሽ ሳይል ካለፈ ያልተቀጣ ልጅ ይባላል። የአራት ዓመቱ ከጎረቤት ልጆች ጋር አፈር ላይ ሲጫወት ሁላችሁንም ይቀድማችኋል፣ አትቅኚበት። ለትልቁ እንግሊዝኛ የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት ምዋንዛ አለ፣ ክፍያውን ግን በበጀታችሁ ያዙት።

እሁድ እንግዳ ተነሥቶ ራሱን ያስተዋውቃል። «ብዋና ዬሱ አሲፊዌ»፣ ጌታ ኢየሱስ ይመስገን፣ ብለሽ ስምሽን ተናገሪ፣ በቂ ነው። ሉተራኖች ጋ ከሄዳችሁ ከቅዳሴው በኋላ ምእመናን በዓይነት ያመጡትን ዶሮ፣ እንቁላልና ሙዝ በጨረታ ሲሸጡ ታያላችሁ። ቁጥር ለመልመድ ከዚያ የተሻለ ቦታ አላየሁም፣ እጅሽን ሳታስቢው እንዳታነሺ ብቻ ተጠንቀቂ።

የመኖሪያ ፈቃዱ ለሚሲዮናውያን «ክላስ ሲ» የሚባለው ነው፤ ተቀባያችሁ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚያስጨርስላችሁ፣ ወረቀቱን ቀደም ብላችሁ ላኩላቸው። የትምህርት ዘመናቸው የሚጀምረው እንደኛ መስከረም ላይ ሳይሆን በፈረንጆቹ ጃንዋሪ ነው። ክረምት ላይ ብትገቡ ትልቁ ልጅ እስከዚያ ድረስ ክፍል ስለማይገባ፣ እነዚያን ወራት ከአንቺ ጋር ገበያ ይውጣ፣ ዋጋውን እሱ ይጠይቅ።