ለዶሮ ማን ይለምንላታል?

ልጆቼ፣ ዘንድሮ ከእንስሳት ሕክምና ትምህርት የምትመረቁ ጥቂቶቻችሁ ቤቴ መጥታችሁ፣ «ለእንስሳት ደኅንነት ገንዘብ የሚሰጡ የውጭ ድርጅቶች አሉ ይባላል፤ እንዴት ነው የሚጻፍላቸው?» ብላችሁኝ ነበር። ያን ቀን በቡናና በጨዋታ አለፍኩት። አሁን ተቀምጬ ልመልስላችሁ።

የሠላሳ ዓመት እንጀራዬን ያበላችኝ አህያ ናት። ቢሾፍቱ ገበያ ዳር ገጣባ ሳጥብና ኮቴ ስከረክም ነው ያረጀሁት። ለእንዲህ ያለው ሥራ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ? በአመዛኙ ከሞቱ የእንግሊዝ ባልቴቶች ነው። ቀልድ አይደለም። ኤልሳቤት ስቬንድሰን እ.ኤ.አ. በ1969 የመሠረቱት የአህዮች በጎ አድራጎት ድርጅት፣ ዶንኪ ሳንክቹዋሪ፣ የገቢው ትልቁ ክፍል በኑዛዜ የሚተውለት ነው። አንዲት አሮጊት በልጅነቷ ጆሮውን የዳበሰችው አህያ ትዝ ይላትና ቤቷን ትናዘዛለች፤ በዚያ ገንዘብ እዚህ መርፌና መድኃኒት ይገዛል። ነፍሳቸውን ይማር።

ታዲያ ዘግይቶ የገባኝ ነገር አለ። ምጽዋት የሚሄደው ዓይን ዓይናችንን ወደሚያይ እንስሳ ነው፤ ወደ ውሻው፣ ወደ ድመቷ፣ ወደ አህያው። የዶሮ ዓይን ደግሞ በጎን ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ ለምግብ ከሚታረዱት ከ80 ቢሊዮን በላይ የየብስ እንስሳት አብዛኞቹ ዶሮዎች ናቸው፤ ቤቱን የሚናዘዝላቸው ግን የለም። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ሲከፈት ሕዝቡ ተቆጥቶ አስዘጋው። የእንቁላል ጣይ ዶሮዎች የሽቦ ኬጅ በመኪና ተጭኖ ሲገባ ግን ማንም ዞር ብሎ አላየም። እኔም ጭምር።

ኬጁን አንድ ቀን በማታ እዩት። ቀን ስትገቡ ዶሮዋ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ እንቁላሏ ተንከባሎ ይወርዳል፤ ምን ጎደላት ትላላችሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲቃረብ ነው ነገሩ የሚለየው። አንገቷን ወደ ላይ ታሰግጋለች፣ የጓደኛዋ ጀርባ ላይ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፣ እንደገና ትወጣለች። ቆጥ ፍለጋ ነው። እናቶቻችን ከጓዳ በላይ አንዲት እንጨት የሚያጋድሙላት ለምን እንደሆነ ያን ማታ ነው የተረዳሁት፤ ያውም የእንስሳት ሐኪም ሆኜ። የአውሮፓ ኅብረት ባዶውን፣ ማለትም ቆጥም ጎጆም የሌለውን ኬጅ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ እስኪከለክል ድረስ ለአንዲት ዶሮ 550 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይበቃታል ይል ነበር። ፕሮጀክታችሁን የምታትሙበት ወረቀት ከ620 ይበልጣል።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። አንድ ጊዜ በአንድ ለጋሽ ገንዘብ፣ ስሙ ይቆየኝ፣ ለባለ አህዮች የጀርባ መደላድል አደልን። የታደለው ሁሉ ተቆጥሮ በሪፖርቱ «ተጠቃሚ» ተባለ። ከሦስት ወር በኋላ አንደኛው ቤት ስገባ መደላድሉ መደብ ላይ ተነጥፎ፣ «አረፍ ይበሉ ዶክተር» ተብዬ ተቀመጥኩበት። ሰውየው ሞኝ አልነበረም። ጭነቱን የሚያበዛው የእህል ነጋዴው ነው፤ የሚከፍለው በኩንታል ነው እንጂ በምልልስ አይደለም። ነጋዴውን ግን ማናችንም አላነጋገርነውም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

የዶሮዎቹ ለጋሾች በዚህ ይበልጡናል። ከፌስቡክ መሥራቾች አንዱ የሆነው ዱስቲን ሞስኮቪትዝና ባለቤቱ ኬሪ ቱና ሀብታቸውን የሚሰጡበት ኦፕን ፊላንትሮፒ (ከ2025 መጨረሻ ወዲህ ኮኤፊሸንት ጊቪንግ ይባላል)፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ለእርባታ እንስሳት በሰፊው መስጠት ሲጀምር አርቢውን ሰብስቦ አላሠለጠነም። ትልልቅ የእንቁላል ገዢዎችን ለሚሞግቱ ቡድኖች ሰጠ። ማክዶናልድስ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ለአሜሪካ ምግብ ቤቶቹ ከኬጅ ነፃ የሆነ እንቁላል ብቻ ለመግዛት በአሥር ዓመት ቀነ ገደብ ቃል ገባ፤ በ2024 መጀመሪያ ፈጸምኩ አለ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ከእንቁላል ጣይ ዶሮዎች 40 በመቶ ያህሉ ከኬጅ ውጭ ነበሩ፤ በ2015 ከአሥር አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። ለጋሹ አንዲት ኬጅ ራሱ አልነቀለም።

«እንቁላል እንደ ወርቅ በሚሸጥበት አገር ይህ ቅንጦት አይደለም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ቸኩሎ የሚመልስላችሁን አትመኑት። አንድ ነገር ብቻ ላንሣ። አውሮፓውያን ሕጉን እ.ኤ.አ. በ1999 አውጥተው ለአርቢው አሥራ ሁለት ዓመት ሰጡት፤ ያም ሆኖ ቀኑ ሲደርስ አሥራ ሦስት አገሮች አልጨረሱም ነበር። በባንክ ብድር የተገዛ ብረት እንዲህ ነው፣ አይነቀልም። የእኛ ዶሮ አብዛኛዋ ገና ጓሮ ናት፤ ብዙው አርቢ ኬጁን ገና አልገዛም። ማመልከቻ የምትጽፉ ከሆነ በገንዘቡ ማንን እንደምታነጋግሩ ከዚህ ተነሥታችሁ አስቡ፤ የዶሮ ቤት ሊሠራ ብድር የሚጠይቀውን አርቢ፣ ብድሩን የሚፈቅደውን ባንክ፣ በየሳምንቱ እንቁላል የሚረከበውን ሆቴል። ለስብሰባና ለአበል የሚበቃ ገንዘብ መቼም አይጠፋም።

አንድ የድሮ ጓደኛዬ ሁለት ሺህ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች መሬት ላይ ያረባል። አምና ጎትጉቼ የባሕር ዛፍ አጣና አስጋደምኩት። ሳምንት ሙሉ አንዲትም አልወጣችም፤ ሳቀብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ጫጩት ሳለች ቆጥ ያላየች ዶሮ አድጋ መዝለሉን አታውቅበትም፤ ይህን ሳልነግረው ያደጉት ላይ አስጀመርኩት። ዘንድሮ ከጫጩትነታቸው ጀምሮ ዝቅ አድርጎ አጋደመላቸው። ማየት የምትፈልጉ ቅዳሜ ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በፊት ድረሱ፤ ጨለማ ከያዘ በኋላ ምንም አይታይም።