«አባቴ ስንት ዓመት ይኖራሉ?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አባቴ 66 ዓመታቸው ነው፤ ደሴ ነው የሚኖሩት። ወገባቸውን 8 ወር ሙሉ ሲያማቸው ከርሞ አሁን መልቲፕል ማየሎማ (የመቅኔ ካንሰር) ተባሉ። ኢንተርኔት ላይ «3 ዓመት» የሚል አየሁ። እኔ ጅዳ ነው የምሠራው። ስንት ዓመት ይኖራሉ? ለሕመሙ የዳይክሎፌናክ መርፌ ይወጋሉ።

መልስ፦ እህቴ፣ የጨነቀዎት «ሥራዬን ጥዬ ካልመጣሁ አላገኛቸው ይሆን?» የሚለው ይመስለኛል። ኩላሊታቸው ደህና ከሆነና ሕክምና ከጀመሩ፣ ዛሬውኑ ሻንጣ አይሸክፉ።

ያነበቡት ቁጥር የድሮ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከ4 ታማሚ 5 ዓመት የሚሞላው አንዱ ነበር። አሁን ከ10 ስድስቱ ገደማ ይሞላሉ። ከ10 ዓመት በላይ የቆዩም አሉ። ለውጡን ያመጡት እንደ ቦርቴዞሚብና ሌናሊዶማይድ ያሉ መድኃኒቶች ናቸው። በሽታው ጨርሶ አይድንም፤ አልደብቅዎትም። ጋብ ይላል፣ ያገረሻል፣ እንደገና ይታከማል። መድኃኒቱ ሳይቆራረጥ ከተገኘ ነው ታዲያ። የጅዳው ደመወዝ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ መርፌው። 8 ወር! ማን ነው ያዘዘላቸው? የመቅኔ ካንሰር ስለሆነ ሴሎቹ ደም ውስጥ የሚለቁት ፕሮቲን ኩላሊትን ይደፍናል። ዳይክሎፌናክ ደግሞ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። የዚህን በሽታ ታማሚ ዕድሜ ከሚያሳጥሩት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ የኩላሊት መጎዳት ነው። «መርፌ በጨጓራ ስለማያልፍ አይጎዳም» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ኩላሊት በየት ገባ ብሎ አይጠይቅም፤ ደም ውስጥ ያለው ሁሉ እሱ ጋ ይደርሳል። አንድ ታማሚ ባዶ አምፑሎቹን በፌስታል ሰብስቦ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፋቸው። ስንት እንደታከመ ሊያሳየኝ ነው። ቆጥሬ መጨረስ አቃተኝ።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ይደውሉ። መርፌው ይቁም፤ አይቡፕሮፌንም እንዲሁ። ለጊዜው ፓራሲታሞል ይውሰዱ፤ ካልበቃቸው ሐኪማቸው ጠንከር ያለ ያዝላቸዋል። ውኃ ይጠጡ። ወጌሻ ወገባቸውን እንዳይነካ፤ በሽታው የበላው አጥንት በትንሽ ጫና ይሰበራል።

እግራቸው ከዛለ፣ ከደነዘዘ ወይም ሽንት እምቢ ካላቸው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ። ሌሊትም ቢሆን። «ይንጋና እናያለን» ብለው ካሳደሯቸው እግራቸው ላይመለስ ይችላል።

ሐኪማቸውን ክሬአቲኒን (ኩላሊት እንዴት እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየው የደም ምርመራ) ስንት እንደሆነ ይጠይቁልኝ። ቁጥሩን ሲያገኙ ይላኩልኝ፤ ያኔ ስለ ዓመቱ የተሻለ እናወራለን።