አንዱ ጡቴ ከሌላው ያንሳል፤ የጤና መድናችን ቀዶ ሕክምናውን ይሸፍናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ20 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ከደብረ ማርቆስ ብዙም ሳይርቅ ገጠር ውስጥ ነው። ግራ ጡቴ ከቀኙ በጣም ያንሳል። አጎጠጎጤ ካወጣሁበት ጊዜ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ሕመም የለውም፤ ግን ጨርቅ አጥፌ ሳልሸጉጥ ከቤት አልወጣም፤ ከእኩዮቼ ጋር ወንዝ ወርጄ መታጠብ ከተውሁም ዓመታት አልፈዋል። አሁን ሽማግሌ ተልኮ እሺ ተብሏል፤ ሠርጌ ለጥር ነው። ቤተሰቤ የጤና መድን በየዓመቱ ይከፍላል። አሜሪካ ያለችው አክስቴ «እዚህ ኢንሹራንስ ይከፍልበታል፤ እናንተም ደብተር ካላችሁ ጠይቂ» አለችኝ። እውነት ይከፈልልኛል? ደግሞስ ነገ ልጅ ብወልድ ማጥባት እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጡትን እኩል ለማድረግ ብቻ የሚሠራ ቀዶ ሕክምናን ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አይሸፍንም። ምርመራውን ግን ይሸፍናል። ምርመራው የሚያገኘው ነገር ደግሞ አንዳንድ ጊዜ አሁን «አይሸፍንም» ያልኩሽን መልሶ ይገለብጠዋል። ስለዚህ ተስፋ ሳትቆርጪ ጥቂት ታገሺኝ።

ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር አንዱ የእኛው ደቡብ አቸፈር ነበር። አሠራሩ ከዕድር ብዙም አይርቅም፦ ሁሉም ያዋጣል፣ የታመመው ይታከምበታል። መዋጮው ትንሽ ስለሆነም የማይከፈልባቸው ነገሮች ተለይተው ተቀምጠዋል፤ መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ውጭ አገር ሄዶ መታከም፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና። ለደመወዝተኛው የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን ደንብ ቁጥር 271/2005ም የውበት ቀዶ ሕክምናን ከሽፋን ውጭ አድርጎታል። እጮኛሽ የመንግሥት ሠራተኛ ቢሆን እንኳ በዚያ በኩል ብዙ አትጠብቂ።

«ውበት» የምትለው ቃል ግን እዚህ ላይ ትከነክነኛለች። ከእኩዮቿ ጋር መታጠብ የተወች ልጅ ቁንጅና ፈልጋ ነው ብዬ ለመፍረድ አፌን አይሞላውም። በሌላ በኩል ደግሞ በዚያው ቋት የሚታከሙትን በየቀኑ አያቸዋለሁ፦ ምጥ የጠናባት እናት፣ አንጀቱ ተቋጥሮ በቃሬዛ የመጣ ገበሬ። ቋቱን የሚጠብቁትን ሰዎች አልወቅስም። አንቺንም አልወቅስም።

አክስትሽ አልዋሸችም፤ ግን ሁለት ነገር ተቀላቅሎባታል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ሕግ አለ። የጡት ማስወገጃ ቀዶ ሕክምናን የሚሸፍን ኢንሹራንስ የተወገደውን ጡት መልሶ የመሥራቱንና ከሌላኛው ጋር የማመጣጠኑን ወጪ ጭምር እንዲሸፍን ያስገድዳል። ዋና ተጠቃሚዎቹ የጡት ካንሰር የነበረባቸው ሴቶች ናቸው። እንዳንቺ ከአጎጠጎጤ ጀምሮ ለተበላለጠ ጡት ግን ነገሩ እንደየውሉ ነው፤ እዚያም ቢሆን «የውበት ነው» ተብሎ የሚመለሰው ጥቂት አይደለም።

እዚያም እዚህም ወሳኙ ነገር የልዩነቱ መጠን ብቻ አይደለም፤ ልዩነቱ ከምን መጣ የሚለው ነው። ሁለት ጡቷ ፍጹም እኩል የሆነ ሴት ማግኘት ይከብዳል። አንዱ ቀድሞ ይወጣል፣ ሌላው ይከተላል፣ አንዳንዴም ሳይደርስበት ይቀራል። አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው፤ በሽታ አይባልም። ያንቺም ይህ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ሆኖም ሌሎቹን ሳያዩ ማለፍ ተገቢ አይደለም።

አንደኛው በእኛ አገር ብዙ የማየው ቃጠሎ ነው። ሕፃኗ ምድጃ ላይ ትወድቃለች፣ ወይ የፈላ ወጥ ደረቷ ላይ ይገለበጣል። ቁስሉ ይድናል፣ ጠባሳው ይቀራል፣ ነገሩም ይረሳል። ከአሥር ዓመት በኋላ ጡት ሲወጣ ጠባሳው እንደ ጠበበ ልብስ ጨምድዶ ይይዘዋል። ከሥር ያለው የጡት እጢ ደኅና ሆኖ የሚያድግበት ቦታ ብቻ ያጣበት ጊዜ አለ፤ ጠባሳው ተላቆ ከጭን ወይም ከሌላ ቦታ በተወሰደ ቆዳ ሲሸፈን ጡቱ ከነቅርጹ ብቅ ይላል። ይህን ማንም ሐኪም የውበት ሥራ ነው ብሎ መጻፍ የለበትም፤ የቃጠሎ ሕክምና ነው። በደብዳቤሽ ስለ ቃጠሎ አልጠቀስሽም፤ እናትሽን ግን ጠይቂያት። አንዳንድ እናት ልጄን ሳልጠብቃት ቀረሁ እያለች ዝም ትላለችና አደራሽን በቁጣ አትጠይቂያት።

ሁለተኛው ከፅንስ ጀምሮ የሚመጣ ነው። በአንድ በኩል ያለው ትልቁ የደረት ጡንቻ በከፊል ወይም ጨርሶ አይኖርም፤ ጡቱም ያንሳል፤ አንዳንዴ በዚያው በኩል ያለው እጅ ያጥራል፣ ጣቶቹም ይጣበቃሉ። ሐኪሞች ፖላንድ ሲንድረም ይሉታል። ቤትሽ ሆነሽ መሞከር ትችያለሽ፦ መስታወት ፊት ቆመሽ ሁለት እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርገሽ ወደ ውስጥ ተጫኚ። ከብብትሽ ፊት የሚወጠር ወፍራም ጡንቻ አለ። በግራ በኩል ከሌለ ለሐኪሙ ንገሪው። ደግሞ ጎንበስ በዪና እህትሽ ጀርባሽን ትይልሽ፤ አከርካሪ ሲጣመም ደረትን አዙሮ እኩል የሆነውን ጡት ያልሆነ ያስመስለዋል።

ሦስተኛው የሚያንሰው ጡት ሳይሆን ትልቁ ችግር የሚሆንበት ነው። በወጣት ሴቶች ጡት ውስጥ የሚያድግ፣ ሲነኩት እንደ ብይ የሚንሸራተት እብጠት አለ። በአብዛኛው ካንሰር አይደለም፤ ግን አንዳንዱ በወራት ውስጥ አድጎ ጡቱን እጥፍ ያደርገዋል። እሱን ማውጣት ሕክምና ነው፤ የጠቅላላ ቀዶ ሐኪም ባለበት ሆስፒታል ይሠራል፤ አዲስ አበባ የሚያስኬድም አይደለም።

ይህን የሚያነቡ እናቶችና እኅቶች ካሉ አንድ ነገር ልጨምር። ለዓመታት እኩል የነበረ ጡት በቅርብ ጊዜ ከተበላለጠ፣ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጎድጎድ ካለ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ደም ከፈሰሰው፣ ወይም ብብት ሥር እብጠት ከተገኘ ጉዳዩ የመመጣጠን አይደለም። በዚያው ሳምንት ሐኪም ይየው። ቅጠል መለጠፍም ሆነ ማስበጣት ጊዜ ከማባከን በቀር አይጠቅምም።

አሁን ወደ ደብተሩ እንመለስ። መጀመሪያ የምታረጋግጪው ስምሽ መኖሩን ነው። በአንድ አባወራ መዋጮ የሚካተቱት ባልና ሚስት፣ ከ18 ዓመት በታች ካሉ ልጆቻቸው ጋር ናቸው። አንቺ 20 ሆነሻል፤ አባትሽ ለአንቺ ተጨማሪ ካልከፈሉ የቤተሰቡ ደብተር መኖሩ ብቻ አያሳክምሽም። ስትዳሪ ደግሞ አዲስ ጎጆ ነው የምትወጪው፤ ከባልሽ ጋር በጊዜው ተመዝገቢ። እርግዝና ሲመጣ ያኔ መሯሯጥ እንዳይሆን።

ከዚያ ጤና ጣቢያ ትሄጃለሽ። አዎ፣ ጤና ጣቢያ። «እዚያ ምን ያውቁልኛል» ብለሽ በቀጥታ ሆስፒታል ብትገቢ ከኪስሽ ትከፍያለሽ፤ መድኑ በሙሉ የሚከፍለው በሪፈር ለሄደ ነውና። አንድ ጊዜ የመጡብኝ አባት ለልጃቸው በሬ ሸጠው አዲስ አበባ የግል ክሊኒክ ወስደዋት ነበር። እዚያ የታዘዘላት አልትራሳውንድ ነበር። ያንኑ ምርመራ ሪፈር ይዘው ቢመጡ እኛው እናደርግላት ነበር፤ በሬውም ያርስ ነበር።

ጤና ጣቢያ ስትቀርቢ ጨርቁን አውጥተሽ፣ እናትሽን ወይም እህትሽን ይዘሽ ግቢ። መርማሪዋ ሴት እንድትሆን መጠየቅ መብትሽ ነው። ዝም ብለሽ «ጡቴ እኩል አይደለም» ብቻ አትበዪ፤ መቼ እንደጀመረ፣ እያደገ እንደሆነ፣ የቃጠሎ ወይም የቁስል ታሪክ እንዳለው፣ ትልቁ በኩል ትከሻሽን ወይም አንገትሽን የሚያምሽ ከሆነ ንገሪያቸው። ሐኪሙ ሪፈር ወረቀቱ ላይ የሚጽፈው ከዚህ ተነሥቶ ነው። «ጡት ለማስተካከል» ተብሎ የተጻፈና «በቃጠሎ ጠባሳ የተያዘ ጡት» ተብሎ የተጻፈ ወረቀት የመድን ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ አንድ ዓይነት አይታዩም። ያልሆነ ነገር አስጽፊ ማለቴ አይደለም፤ የሆነው ነገር ሳይጻፍ እንዳይቀር ነው።

ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ደርሰሽ የማስተካከያ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል ከተባለ ቀጣዩ መንገድ ወደ አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል። ከመንግሥት ሆስፒታሎች አለርትና የካቲት 12 በዚህ ዓይነት ሥራ የታወቁ ናቸው። ከመነሣትሽ በፊት የወረዳችሁ መድን ከምትላኪበት ሆስፒታል ጋር ውል እንዳለው ጽሕፈት ቤቱን ጠይቂ። ትራንስፖርትና ማደሪያ በማንኛውም መንገድ የራስሽ ነው።

ምርመራው «ጤነኛ ነሽ፣ ተፈጥሮሽ ነው» ካለ ወጪው ያንቺ ነው፤ ያኔ ምክሬ አትቸኩዪ ነው። ለጥር ሠርግ ተብሎ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና አይደለም። ትልቁ ሊቀነስ ይችላል፣ ትንሹ ውስጥ ሲሊኮን ሊገባ ይችላል፣ ወይም ከሰውነትሽ የተወሰደ ስብ ሊሞላበት ይችላል። ሁሉም ጠባሳ ወይም ተደጋጋሚ ሥራ ይተዋሉ። ሲሊኮን ዕድሜ ልክ የሚቆይ አይደለም፤ ክትትል ይፈልጋል፣ አንድ ቀን የሚቀየርበት ጊዜ ይመጣል፤ የቀያሪው ዋጋም አብሮ ይታሰብ። በዚያ ላይ እርግዝናና ማጥባት የጡትን መጠን እንደገና ስለሚለውጡ ዛሬ እኩል የተደረገው ከሁለት ዓመት በኋላ ላይሆን ይችላል። በቴሌግራም የሚሸጡትን «ጡት አሳዳጊ» ቅባቶች ግን ተያቸው፤ የሚያሳድጉት የሻጩን ኪስ ነው።

እስከዚያው ለጨርቁ የተሻለ ዘዴ አለ። የጡት መያዣ ስትገዢ በትልቁ ጡት ልክ ግዢ፤ በትንሹ በኩል ከውስጥ የጥጥ ኪስ አሰፊበትና ሙዪው። አይንሸራተትም፣ ታጥቦም ይደርቃል።

ስለ ማጥባቱ፦ የጡት ትልቅነት በአብዛኛው ስብ ነው፤ ወተት የሚያመርተው እጢው ነው። ትንሽ ጡት ያላቸው እናቶች መንታ ሲያሳድጉ አይተሻል። በአንድ ጡት ብቻ የምታጠባ እናትም ልጇን ታሳድጋለች። ስታረግዢ ግራው ሞላ ሞላ ካለ፣ ጫፉም ከጠቆረ ጥሩ ምልክት ነው። ጭራሽ ካልተለወጠ ለአዋላጅዋ ቀድመሽ ንገሪያት። ስትወልጂ ሕፃኑን ሁልጊዜ ከትንሹ ጀምሪለት፤ ሕፃን ሲርበው ነው አጥብቆ የሚስበው፣ አጥብቆ ሲስብ ነው ወተት የሚመጣው። ከዚያ ወደ ትልቁ አዙሪው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም ጤና ጣቢያ ወስደሽ ሳይመዘን አትመለሺ፤ ሚዛኑ በደንብ ከጨመረ የሚበቃውን ወተት እያገኘ ነው።