ትኬቱ ተሸጠ፤ ገንዘቡ የት ገባ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ እትም ጥያቄዎች ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ናቸው። ሁሉም የፊልምን ገንዘብ የሚመለከቱ በመሆናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። የውጭ አገር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ አንድ የአሜሪካ ፊልም በ200 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ 400 ሚሊዮን አስገባ ሲባል እንሰማና ወዲያው ደግሞ «ከሰረ» ይባላል። እጥፍ ያስገባ ፊልም እንዴት ይከስራል? (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

መልስ፦ «አስገባ» ተብሎ የሚነገረው ቁጥር ተመልካቹ ትኬት ሲቆርጥ የከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ ነው። ስቱዲዮው ጋር የሚደርሰው ሲኒማ ቤቱ ድርሻውን ካነሳ በኋላ የተረፈው ነው። ድርሻው እንደ አገሩ ይለያያል። በአሜሪካና በካናዳ ግማሹ ወይም ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለው ለስቱዲዮው ይሄዳል፤ በጣም ለሚጠበቅ ፊልም ከ60 በመቶ በላይ የተጠየቀበት ጊዜም አለ። በሌላው ዓለም በአማካይ 40 በመቶ ገደማ ነው። ቻይና ውስጥ ገቢ በመጋራት ውል የሚታይ የውጭ ፊልም የሚያገኘው 25 በመቶ ብቻ ነው።

እስቲ 400 ሚሊዮኑን እንበትነው። 160 ሚሊዮኑ ከአሜሪካ፣ 40 ሚሊዮኑ ከቻይና፣ 200 ሚሊዮኑ ከሌላው ዓለም መጣ እንበል። ከአሜሪካው በግማሽ ሂሳብ 80፣ ከቻይናው 10፣ ከቀረው ደግሞ 80 ሚሊዮን ይደርሳል። ድምሩ 170 ሚሊዮን ዶላር ነው። ፊልሙ ግን ለመሥራት ብቻ 200 ሚሊዮን ፈጅቷል። በዚያ ላይ የማስታወቂያና የስርጭት ወጪ አለ፤ ለዚህ ዓይነት ፊልም 100 ሚሊዮን ዶላር ማውጣት የተለመደ ነው። 300 ሚሊዮን ወጥቶ 170 ገባ፤ የጎደለው 130 ሚሊዮን ነው።

ጉድለቱን የሚሞላው ከሲኒማ በኋላ የሚመጣው ሽያጭ ነው፦ ኪራይ፣ ዲቪዲ፣ ለቴሌቪዥንና ለስትሪሚንግ (በወርሃዊ ክፍያ በኢንተርኔት ፊልም ለሚያሳይ አገልግሎት) የሚሸጥ መብት። «ፊልም የወጪውን 2.5 እጥፍ ማስገባት አለበት» የሚለው የሙያው ግምት የመጣውም ከዚህ ነው። በእኛ ምሳሌ ስቱዲዮው ከእያንዳንዱ 100 ዶላር የትኬት ሽያጭ የሚደርሰው 42.50 ነው። የኋላው ሽያጭ የማስታወቂያውን ወጪ ከሸፈነ፣ 200 ሚሊዮኑን ለማስመለስ 470 ሚሊዮን ገደማ የትኬት ሽያጭ ይበቃል፤ ይህም 2.35 እጥፍ ነው። የኋላው ሽያጭ ከደረቀ ግን 300 ሚሊዮኑ ሁሉ ከትኬት መምጣት አለበት፤ ያኔ ከ700 ሚሊዮን በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ «ስንት አስገባ?» የሚለውን ሲሰሙ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ከየት አገር ነው? ከሲኒማ በኋላስ ማን ገዛው?

ጥያቄ፦ ስቱዲዮዎቹ የራሳቸውን ስትሪሚንግ ከፍተው በሚሊዮን የሚቆጠር ደንበኛ ካገኙ ለምን ይከስራሉ? አሁን ደግሞ ዋጋ ጨምረው ማስታወቂያም አስገቡ። (ከሐረር፣ አራተኛ)

መልስ፦ ሲኒማ ቤት ውስጥ እያንዳንዱ ፊልም የራሱ ትኬት አለው። በስትሪሚንግ ግን ወርሃዊው ክፍያ ለሁሉም ፊልም በጅምላ የተከፈለ ነው። አዲስ ፊልም ሲለቀቅ የሚያመጣው ገንዘብ ሁለት ብቻ ነው፦ ለሱ ብሎ የተመዘገበ አዲስ ደንበኛ፣ እና ሊያቋርጥ የነበረ ደንበኛ በመቆየቱ የሚከፍለው ወር። ለምሳሌ በወር 10 ዶላር የሚከፍሉ 500,000 ሰዎች በአንድ ፊልም ምክንያት ሁለት ወር ቢቆዩ 10 ሚሊዮን ዶላር ነው። ፊልሙ 100 ሚሊዮን ከፈጀ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ሚሊዮኖች አይተውት ይሆናል፤ መታየቱ ብቻውን ግን ገንዘብ አይደለም።

ሁለተኛው ችግር ስቱዲዮዎቹ የቆየ ገቢያቸውን በገዛ እጃቸው መዝጋታቸው ነው። ቀድሞ ለሌላ ድርጅት ይሸጡት የነበረውን መብት ለራሳቸው አገልግሎት ሲያስቀሩት ከውጭ የሚመጣው ክፍያ ቀረ። ሶኒ አጠቃላይ ስትሪሚንግ አልከፈተም፤ ከ2022 ጀምሮ የሚወጡ ፊልሞቹን ከሲኒማ በኋላ ለኔትፍሊክስ ለመሸጥ ተዋዋለ። በእኛ ግምት ከሁሉም አስተዋዩ ውሳኔ ይህ ነበር።

እስከ 2022 ባለአክሲዮኖች ይቆጥሩ የነበረው ደንበኛን ነበር። በዚያ ዓመት የመጀመሪያ ሩብ ኔትፍሊክስ 200,000 ደንበኛ መቀነሱን ሲያሳውቅ የአክሲዮኑ ዋጋ በአንድ ቀን 35 በመቶ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ትርፍ መጠየቅ ጀመረ። ዲዝኒ በ2022 የበጀት ዓመት በስትሪሚንግ ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር ከስሯል፤ አገልግሎቶቹ በአንድ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያተረፉት በ2024 አጋማሽ ሲሆን የሩብ ዓመቱ ትርፍም 47 ሚሊዮን ነበር። የዋጋ ጭማሪው፣ ማስታወቂያ ያለበት ርካሽ ክፍያ እና የይለፍ ቃል መጋራትን መከልከል ሁሉም የተስፋፉት ከ2022 ወዲህ ነው።

ሲኒማውም ቢሆን ወደ ነበረበት አልተመለሰም። የዓለም የትኬት ሽያጭ በ2019 ወደ 42 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2020 ወደ 12 ቢሊዮን ወረደ፤ በ2023 ወደ 34 ቢሊዮን አገገመ። የአዳራሽ ኪራይና መብራት ግን ተመልካች ቀነሰ ብሎ አይቀንስም።

ጥያቄ፦ ተሠርቶ ያለቀን ፊልም ሳያሳዩ መጣል ምን ይባላል? (ከድሬዳዋ፣ መጋላ)

መልስ፦ የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ስሌቱ ግን ይህ ነው። በነሐሴ 2022 ዋርነር ብራዘርስ ዲስከቨሪ 90 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበትን «ባትገርል» የተባለ ፊልም ላለማሳየት ወሰነ። ወጪው እንደ ኪሳራ ሲመዘገብ ግብር የሚከፈልበትን ትርፍ ይቀንሳል። በአሜሪካው የ21 በመቶ የፌዴራል ግብር ሲሰላ ከ90 ሚሊዮኑ የሚድነው 19 ሚሊዮን ገደማ ነው። ለማስታወቂያ ይወጣ የነበረውም አብሮ ይቀራል። ስቱዲዮው ፊልሙ ከዚህ የበለጠ አያመጣም ብሎ ሲያምን ይጥለዋል። የሠሩት ባለሙያዎች ግን የዓመታት ሥራቸውን ለሰው ማሳየት አይችሉም፤ ይህን የሚክስ ሂሳብ የለም።

ጥያቄ፦ ሦስት ጓደኛሞች ነን። በ1.5 ሚሊዮን ብር የአማርኛ ፊልም ጨርሰናል። መጀመሪያ ሲኒማ እናስገባው ወይስ በቀጥታ ዩቲዩብ ላይ? ከአዳራሽ ጋር ስንዋዋልስ ምን እንጠንቀቅ? (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

መልስ፦ ሲኒማ ይቅደም። ከአንድ ሰው የሚገኘው ገንዘብ ከፍተኛ የሆነበት በር መጀመሪያ ይከፈታል፤ ነፃው መጨረሻ ላይ ይሆናል። ዩቲዩብ ላይ የወጣን ፊልም ለማየት ትኬት የሚቆርጥ የለም። ዋርነር በ2021 ዓመት 17 ፊልሞቹን፣ እያንዳንዱን በወጣበት ቀን ሲኒማም ስትሪሚንግም ላይ ለቅቆ ነበር፤ ጥራት ያለው ሕገ ወጥ ቅጂ በመጀመሪያው ቀን ተሰራጨ። በቀጣዩ ዓመት ፊልሞቹ በቅድሚያ ለ45 ቀናት ሲኒማ ብቻ እንዲታዩ አደረገ።

አሁን ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ቁጥሮቹን በራሳችሁ ውል ተኳቸው። 300 መቀመጫ፣ ትኬት 150 ብር፣ በቀን ሁለት ጊዜ ማሳያ፣ 40 በመቶ ተመልካች። በቀን 240 ትኬት ማለት 36,000 ብር ነው። አዳራሹ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰበስብና ዋጋው ታክሱን የሚያካትት ከሆነ፣ ለ1.15 ሲካፈል 31,304 ብር ይቀራል። ግማሹ የእናንተ ከሆነ በቀን 15,652፣ ከዓርብ እስከ እሑድ 46,956 ብር። ተመልካች በየሳምንቱ 40 በመቶ ቢቀንስ፣ በአራት የሳምንት መጨረሻ የሚደርሳችሁ 102,000 ብር ገደማ ነው። 1.5 ሚሊዮኑ በአንድ አዳራሽ አይመለስም። ድሬዳዋ፣ ሐረር፣ ጅግጅጋና አዲስ አበባ ላይ አዳራሽ ሳትይዙ የምርቃት ቀን አትቁረጡ፤ ፖስተርና የመኪና ላይ ቅስቀሳ አንዴ ከተከፈለበት ለአራት ከተማ ይሥራ።

ውሉ ላይ መጀመሪያ የሚያጣላው ነገር «ግማሽ በግማሽ» የሚለው ቃል ነው። የምን ግማሽ? ከታክስ በፊት ነው በኋላ? የጄኔሬተር ነዳጅ፣ የፖስተርና የነፃ መግቢያ ወጪ የማን ነው? ሁሉም በስም ይጻፍ። ትኬቱ ተከታታይ ቁጥር ይኑረው፤ በየማሳያው የመጀመሪያና የመጨረሻ ቁጥር ተመዝግቦ የሁለቱ ወገን ተወካይ ማታውኑ ይፈርም። ሂሳቡ በየሳምንቱ ይዘጋ፤ «ፊልሙ ከወረደ በኋላ እንተሳሰባለን» የተባለ ገንዘብ እየተሸራረፈ ነው የሚመጣው። የነፃ ትኬት ብዛት ይወሰን፣ ለምሳሌ በማሳያ 10። ቢያንስ ስንት ቅዳሜና እሑድ እንደሚቆይም ይጻፍ፤ አለዚያ አዳራሹ ሌላ ፊልም ሲያገኝ የእናንተን ወደ ሰኞ ከሰዓት ይገፋዋል።

ሰዓቱን ለከተማው ኑሮ አስማሙት። ድሬ ከሰዓት በኋላ ሙቀትና በርጫ ነው፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት አዳራሽ መሙላት ይከብዳል፤ ማቀዝቀዣው የማይሠራ አዳራሽ ከሆነ ደግሞ በግንቦትና በሰኔ ባታስገቡት ይሻላል። በረመዳን ምሽቱ የአፍጥርና የተራዊህ ነው፤ የኢድ ሰሞን ግን ከዓመቱ ጥሩዎቹ ቀናት አንዱ ነው። በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ የግርጌ ጽሑፍ ማዘጋጀት ከአንድ ቀን ቀረጻ ያነሰ ወጪ ነው፤ በምሥራቁ ክፍል ግን የተመልካቹን ብዛት ይቀይራል።

ከምርቃቱ አንድ ሳምንት በፊት ሙሉውን ፊልም አዳራሹ ውስጥ አጫውቱ። በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) የተቀረጸ ፊልም 24 ብቻ በሚቀበል ማጫወቻ ላይ በቀጥታ ሲጫን ርዝመቱ በ4 በመቶ ይጨምራል፤ ድምፁም ካልተስተካከለ ይወፍራል። የ90 ደቂቃ ፊልም በሲኒማ ፋይል (ለአዳራሽ ማጫወቻ በሚዘጋጀው ዲሲፒ) እስከ 170 ጊጋባይት ሊደርስ ስለሚችል 500 ጊጋባይት ዲስክ ያዙ፤ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ዲስክ ይኑር።

ከሲኒማው በኋላ ዩቲዩብ ይመጣል። በራሳችሁ ቻናል ከሆነ ከረጃጅም ቪዲዮዎች የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶው የባለቻናሉ ነው። አሜሪካ ካለ ተመልካች በሚመጣው ላይ 30 በመቶ የአሜሪካ ግብር ሊቆረጥ ይችላል፤ የግብር ቅጹን ሳይሞላ የቀረ ግለሰብ ደግሞ ከመላው ዓለም ገቢው እስከ 24 በመቶ ሊያጣ ይችላል። ለሌላ ቻናል በቁርጥ ዋጋ የምትሸጡ ከሆነ ዓመቱ፣ አገሩና መብቱ ለገዢው ብቻ መሆን አለመሆኑ ይወሰን፤ «ለዘለዓለም» የሚል ቃል አትፈርሙ። የዩቲዩብ የቅጂ መለያ ሥርዓት (ፊልሙን ሌላ ሰው ሲጭነው የሚለየው ኮንቴንት አይዲ) ላይ ፊልሙን የሚያስመዘግበው ማን እንደሆነም ይጻፍ። የሙዚቃ ፈቃድ የሌለው ፊልም እዚህ ላይ ይወድቃል፦ የዘፈኑ ባለቤት መብቱን ሲጠይቅ የፊልሙ ማስታወቂያ ገንዘብ ወደሱ ሊዞር ይችላል። ከደራሲ፣ ከሙዚቀኛና ከተዋናይ ጋር ያላችሁ ስምምነት ሁሉ በጽሑፍ ይሁን፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410ም የኢኮኖሚ መብት ሲተላለፍ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ የአገር ውስጥ ፊልም ገና ሲኒማ ላይ እያለ ቴሌግራም ላይ ይገኛል። ከየት ነው የሚወጣው? (ከሐረር፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ ምስሉ ጠማማ ከሆነና የተመልካች ሳቅ ከተሰማበት ከአዳራሽ በስልክ የተቀዳ ነው። ንጹሕ ከሆነ ግን የወጣው ከእጅ ወደ እጅ ከዞረ ፋይል ነው፦ ከኤዲቲንግ ቤት፣ ለስፖንሰር ከተላከ ቅጂ፣ ወይም አዳራሹ ኮምፒውተር ላይ ተገልብጦ ከቀረ። መከላከያው ርካሽ ነው። ለእያንዳንዱ ተቀባይ የሚሄደው ቅጂ በዝቅተኛ ጥራት ይሁን፤ የተቀባዩ ስምም በምስሉ መሃል በደብዛዛው ይጻፍበት። ለአዳራሽ የሚሰጠው የተመሰጠረ የሲኒማ ፋይል ከሆነ መክፈቻ ቁልፉ ለአንድ ማጫወቻና ለተወሰኑ ቀናት ብቻ ይሠራል። አዳራሹ ይህን የሚቀበል መሣሪያ ከሌለው ፕሮዲውሰሩ የሚወክለው ሰው ዲስኩን ይዞ መጥቶ፣ ከዲስኩ ላይ በቀጥታ አጫውቶ፣ ማታ ይዞት ይመለስ።

የወጣውን ለማስነሳት አቤቱታው ወዲያውኑ ለቴሌግራም የቅጂ መብት ክፍል ይላክ፤ የእያንዳንዱ መልእክት ሊንክና የባለቤትነት ማስረጃ አብሮ ይያያዝ። የቻናሉን ስም ብቻ መጻፍ አይበቃም።