ሥራ ቦታ የሠራልኝ አመራር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለምን አልሠራም?

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የግል ድርጅት የሽያጭ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ከ8 ወር በፊት በቤተ ክርስቲያናችን የሕፃናት አገልግሎት አስተባባሪ ሆኜ ተመረጥኩ። ክፍሉ ዝርክርክ ብሎ ነበር የጠበቀኝ። ሰው ያረፍዳል፣ ተረኛው ሳይናገር ይቀራል፣ ማን ምን እንደሚያስተምር አይታወቅም። እኔም የማውቀውን ይዤ ገባሁ። የሰዓት ፊርማ፣ ሳምንታዊ ሪፖርት፣ ለእያንዳንዱ አገልጋይ ከ10 የሚሰጥ ነጥብ። ሰዓት መከበር ጀመረ። ግን ከ22 አገልጋዮች 9ኙ ወጡ። አንዷ ስትሰናበተኝ «እኔ እዚህ የመጣሁት አለቃ ፍለጋ አይደለም» አለችኝ። ሽማግሌዎች ደግሞ «የዓለምን አሠራር ቤተ ክርስቲያን አታስገባ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው? ልተወው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትተወው። ዝርክርክነት መንፈሳዊነት አይደለም፤ ተረኛው ሲቀር የሚጎዱት ልጆቹ ናቸው። አንተ ያ አሳስቦህ ነው የተነሣኸው፣ እሱን ማንም ሊነቅፍህ አይገባም።

«የዓለም አሠራር» ለሚሉህ በአክብሮት ዘጸአት 18ን አስታውሳቸው። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ ያየው ዮቶር የምድያም ካህን ነበር፤ አማቹ ቢሆንም ከሕዝቡ አልነበረም። «የምታደርገው ነገር መልካም አይደለም፣ አንተም ትደክማለህ ሕዝቡም ይደክማል» አለው። የሺህ አለቃ፣ የመቶ አለቃ፣ የሃምሳ አለቃ፣ የአሥር አለቃ ሹም፣ ከባዱ ጉዳይ ብቻ ወዳንተ ይምጣ ብሎ መከረው። ሙሴም «አንተ ከውጭ ነህ» አላለውም። የነገረውን ሁሉ አደረገ። ስለዚህ ጥሩ አሠራር ከየትም ቢመጣ ችግር የለውም።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ከቢሮህ ያመጣኸው የመቆጣጠሪያውን ክፍል ብቻ ነው። ፊርማ፣ ሪፖርትና ነጥብ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠሩት ከኋላቸው ደሞዝ ስላለ ነው፤ ሠራተኛው ቅር ቢለውም የወሩን መጨረሻ እያሰበ ይችለዋል፣ አንተም እያወቅክም ይሁን ሳታውቅ በዚያ ላይ ተደግፈህ ነው የምትመራው። የሰንበት አስተማሪዋን ግን የሚያቆያት ደሞዝ የለም። የምትመጣው ልጆቹን ስለምትወድና ጥሪዬ ነው ብላ ስለምታምን ነው። ከ10 ስንት አገኘሽ ስትባል ያ ፍቅሯ የተለካባት ይመስላታል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው አይጣላህም፣ ዝም ብሎ ይቀራል።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አዲስ የሽያጭ ሠራተኛ ስትቀጥር በመጀመሪያው ቀን ብቻውን ደንበኛ ጋ ትልከዋለህ? አትልከውም። ሥራው ምን እንደሆነ ትነግረዋለህ፣ ታሠለጥነዋለህ፣ አብረኸው ትወጣለህ፣ ሲቸገር ማን ጋ እንደሚደውል ያውቃል። ለአስተማሪዎችህ ይህን አድርገሃል? አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ አንዲት ልጅ «ማገልገል እፈልጋለሁ» ትላለች፣ በሳምንቱ 30 ሕፃናትና አንድ መጽሐፍ ይሰጧትና በሩ ይዘጋባታል። ከቢሮ ማምጣት የነበረብህ ይህንን ነው፤ ማዘጋጀቱን፣ ማሠልጠኑን፣ አብሮ መሆኑን።

ለእያንዳንዱ አገልጋይ በአንድ ገጽ ጻፍለት። ሥራው ምንድነው፣ በሳምንት ስንት ሰዓት ይወስዳል፣ ሲቸግረው ማንን ያናግራል፣ እስከ መቼ ነው። የመጨረሻዋን እንዳትረሳ። እኔ ራሴ በአንድ አገልግሎት 4 ዓመት ቆይቼ የወጣሁት ደክሞኝ ነው፤ እረፍት መጠየቅ ይቻላል ያለኝ ሰው አልነበረም፣ ስለዚህ ያለኝ አማራጭ ጠፍቶ መቅረት ብቻ መሰለኝ፣ ጠፋሁ፤ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። «ለ1 ዓመት ነው፣ ከዚያ ቁጭ ብለን እናወራለን፣ ማረፍ ብትፈልግ ታርፋለህ» ቢለኝ ኖሮ አሁንም እዚያ የምገኝ ይመስለኛል።

ተረኛ ሰው ተራውን ቅዳሜ ማታ በቴሌግራም መስማት የለበትም። የወሩን ፕሮግራም ቀደም ብለህ ስጠው። መቅረት የግድ ሲሆንበት ደግሞ የሚተካውን ሰው ከአሁኑ ይወቅ። ከማርፈዱ ግማሹ በዚህ ብቻ ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ።

ሪፖርቱን ሙሉ በሙሉ አትጣለው፣ ጥያቄውን ለውጠው። «ምን ሠራህ?» የሚለውን ተወውና «ምን ጎደለህ? የትኛው ልጅ አሳሰበህ?» በል። የቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ ማንኛውም ሠራተኛ ችግር ካየ ገመድ ስቦ እርዳታ መጥራት ይችላል፤ ችግሩ ካልተፈታ የምርት መስመሩ ይቆማል። ገመዱን የሳበ አይወቀስም፣ ኃላፊው ወደ እሱ ይመጣል። አንተ ጋ ያ ገመድ የት ነው? ነጥቡን ግን ዛሬውኑ ተወው።

ነህምያንም አስበው። ኢየሩሳሌም ደርሶ 3 ቀን ለማንም አልተናገረም፤ ሌሊት ተነሥቶ ቅጥሩን ዞሮ አየ። ከዚያ ነው «ኑ እንሥራ» ያለው። ብዙዎቹንም የመደባቸው በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን ቅጥር እንዲሠሩ ነው። በ52 ቀን አለቀ። አንተ ግን ሳትዞር ጀመርክ። አሁንም አልረፈደም፤ ከ9ኙ ጀምር። በቡድን መልእክት አይሆንም፣ አንድ በአንድ ደውል። እንዲመለሱ አትለምን፣ መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቅ፣ ከዚያ «ምን ከበደህ?» ብለህ ዝም በልና ስማ። የቀሩት 13ቱም ይህን ማድረግህን ይሰማሉ።

ጥያቄ፦ እኔ የአስተናጋጆች ቡድን መሪ ነኝ። አንድ በጎ ፈቃደኛ ሰው ይቆጣል፣ እንግዶች ላይ ይጮኻል። ሥራ ቢሆን ኖሮ ይሰናበት ነበር። አገልጋይ ይባረራል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከበር ላይ አንሺው። እንግዳ በመጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፣ በነጻ ስለሚያገለግል ብቻ የሰው ልብ መስበር አይፈቀድለትም። ግን ለብቻው ጥሪው፤ ያየሽውን በቀንና በምሳሌ ንገሪው፣ «ጠባይህ መጥፎ ነው» አትበይው። ምናልባት ቤቱ የከበደው ነገር ይኖራል፣ ጠይቂው። ከዚያ ሌላ ቦታ ፈልጊለት፣ ወንበር ማስተካከል፣ ዕቃ መቆጣጠር፣ ከሰው ጋር ብዙ የማያጋጨው ነገር። ጳውሎስ ማርቆስን ይዘን አንሄድም ብሎ ከበርናባስ ጋር እስከ መለያየት ደርሷል፤ በኋላ ግን ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ «ማርቆስን ይዘኸው ና፣ ለአገልግሎት ብዙ ይጠቅመኛል» ብሎታል። ስለዚህ ስታነሺው ከ3 ወር በኋላ እንደገና የምታወሩበትን ቀን እዚያው ቁረጪለት።